ለአንድ ማለዳ የተዋሰው ጎማ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወልደየስ ይባላል። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቱን አልጋነሽን ከኋላው አፈናጦ፣ የሰፋቸውን ልብሶች ጭኖ፣ ረጅሙን ቁልቁለት ወርዶ ገበያ ይሄዳል። ሞተሯን በየማለዳው በጨርቅ ይወለውላታል። ሲወለውላት ላየው፣ ከእሱ በላይ ለንብረቱ የሚጠነቀቅ ሰው ያለ አይመስልም። ውስጧ ግን ሌላ ነበር፤ የፊት ጎማዋ ፍሬን አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር።

መለዋወጫዋ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ጎረቤቱ ሽብሩ ያንኑ ዓይነት ሞተር አለው፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በእግሩ እየሄደ ፍሬኑን ባለሙያ ዘንድ አሠርቷል። ወልደየስ ሁለት ሳምንት ያለ ሞተር መቆየት ሞት መሰለው። ስለዚህ በየዓመቱ የምርመራው ቀን ሲደርስ እምቢ ማለት ይሉኝታ ከሚይዘው ከሽብሩ የፊት ጎማውን ከነፍሬኑ ይዋሳል፤ ይገጥማል፤ አስመርምሮ ቦሎውን ያስለጥፋል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጎማውን ፈቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

በመጨረሻው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ዕለት፣ መርማሪው ፍሬኗን ይዞ ወደ ፊት ገፋት። ንቅንቅ አላለችም።

«ለዕድሜዋ ትገርማለች፤ ከአዲሶቹ ትሻላለች» አለ።

«እንደ ልጄ ነው የምይዛት ጌታዬ» አለ ወልደየስ።

ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም። ለሽብሩ ጎማ የተሰጠውን ምስጋና ለራሱ አድርጎ፣ ደስ ብሎት ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አልጋነሽ ከመፈናጠጧ በፊት የፊት ጎማውን አየችና ቆመች። የሽብሩ ጎማ ተመልሷል።

«ወልዴ፣ የትናንቱ ጎማ ዛሬ ቢኖር ጥሩ ነበር። ለመርማሪው ያሰብከውን ያህል ለኔም ብታስብልኝ ምን አለበት?»

ወልደየስ ሳቀባት። ቦሎውን በጣቱ እያሳያት «ከአዲሶቹ ትሻላለች ተብላለች እኮ፤ ምን ያስፈራሻል?» አላት። ሲናገር ከልቡ ነበር። ውሸቱን የሠራው ራሱ መሆኑን ረስቶታል። እሷም ነጠላዋን አጥብቃ ከኋላው ተቀመጠች።

ቁልቁለቱ መሐል ላይ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ዘግተው አገኙ። ወልደየስ ፍሬን ያዘ። የፊቱ ሲጢጥ አለ እንጂ አላቆመም፤ የኋላው ብቻውን ሁለት ሰውና ጭነት አልቻለም። አህዮቹን ልሽሽ ሲል ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ። እሱ እያነከሰ ተነሣ። አልጋነሽ አልተነሣችም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ለቅሶ ሊደርስ ወደ ድንኳኑ ገባ። ወልደየስ እንዳየው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አንተ አይደለህ ያሳለፍካት?» አለው። «ደህና ናት ብለህ የፈረምከው አንተ አይደለህ?»

መርማሪው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሽብሩ ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ መጥቶ እያለቀሰ ነገረኝ» አለ። «እኔ ያሳለፍኩት የእሱን ጎማ ነው። የእርስዎን አላሳዩኝም።»

ወልደየስ ወደ ሽብሩ ዞረ። ሽብሩም ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ወዳጆቼ፣ መርማሪን ማታለል ቀላል ነው፤ አንድ ማለዳ ይበቃል። የሚከፋው፣ አታለን ያገኘነውን ምስክርነት እኛው መልሰን ስናምነው ነው። ያን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው በእኛ ተማምኖ ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ይሆናል። ለይሉኝታ ብሎ የሚያውሰውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

እስቲ እናስብ፤ እኛስ ለምርመራው ቀን ብቻ ተውሰን የምንገጥመው ምንድን ነው? ከኋላችን የተፈናጠጠውስ ማን ነው?