ገብሱ ለማን ይሁን

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። አንድ ጊዜ ዳማ ፈረስ ጦጣን ጭኖ በታላቁ የአራዊት ግልቢያ አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ አንድ ማሳ ገብስ ነበር። በአገሩ ልማድ ገብሱን የሚበላው ድሉን ያመጣው ነው፤ ወይ ጋላቢው በብልሃቱ፣ ወይ ፈረሱ በጉልበቱ። የሚፈርደው ዝሆን ነው፤ እስኪፈርድም ወደ ማሳው በሚወስደው መንገድ ላይ ይተኛል። ልጓም የጎረሰ ግን ምስክር መሆን አይችልም።

ጦጣ ደረቷን ነፍታ፣ «እስከ ወንዙ ልጓሙን ስቤ ያዝኩት፤ ዳገቱ ላይ ለቀቅኩት። እኔ ባልኖር ይሄ ጅል ገና ሜዳው ላይ ትንፋሹን ጨርሶ ይቀር ነበር» አለች።

«እውነቷን ነው! እግርማ እኛም አለን፤ ዋናው ጭንቅላት ነው» አለ ቀበሮ።

ፈረሱ ይህን ሁሉ ሰማ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጦጣ ልጓሙን ለቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጋማው ላይ ተጣብቃ እንደነበር እሱ ያውቃል። ቢሆንም አልተቆጣም።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ምስክርነት አልሰጥም፤ አንድ ልመና ብቻ አለኝ» አለ። «እመት ጦጢት ያንኑ ብልሃቷን ነገ በአህያ ላይ ታሳየን። ካሸነፈች ገብሱ ይባረክላት።»

አህያ ደስ ብሏት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቀረበች።

ጦጣ አህያዋን ከጆሮዋ እስከ ኮቴዋ አየቻት። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቁጢጥ አለች።

«ውይ ጌቶቼ፣ ለካ ታምሜያለሁ!»

ዝሆኑ ወደ ማሳው ከሚወስደው መንገድ ላይ ተነሥቶ ፈረሱን አሳለፈው።