ፍሬኑን የጠየቀች በቅሎ

ተረት መጣች፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጆሮው የደከመ ከጎረቤቱ ይዋስ።

እንስሳት መንጃ ፈቃድ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ አምባ ላይ አንዲት በቅሎ ትኖር ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ቆላ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም ከላይ እስከ ታች ቁልቁለት። በቅሎ አትወልድም፤ የአምባው ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ግን የሚወርዱት በእሷ ጀርባ ነበር። ዘንድሮ ጉልበቷ ከዳት። በዚያው ዓመት ፍየል መንታ አረገዘች። አምና መንገድ ላይ ወልዳ ግልገሏ ሞቶባት ነበርና፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ዳክዬ «ዘንድሮ ቀንሽ ሳይደርስ መጥተሽ እዚሁ ጠብቂ» ብላታለች።

«እንግዲህ መኪና ልግዛ» አለች በቅሎ፤ ጎረቤቷን ዝንጀሮን አስከትላ ገበያ ወጣች።

ደላላው ቀበሮ አንዲት ያገለገለች ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አሳያቸው። ስድስት ዓመቷ ነው።

«ባትሪሽ እንዴት ነው?» አለ ዝንጀሮ ፈጥኖ።

«ከመጀመሪያ አቅሜ ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ አለኝ» አለ ባትሪው።

«ሞተርሽስ?»

«ከተሠራሁ ታምሜ አላውቅም» አለ ሞተሩ።

«ጎማዎችሽስ?»

«ባለፈው ወር ነው የተገዛነው» አሉ ጎማዎቹ በአንድ ድምፅ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የአምናው ቦሎም ሳይጠየቅ «ምርመራ አልፋለች! አልፋለች!» እያለ ጮኸ።

«በይ እመት በቅሎ፣ ቁልፉን ተቀበይ» አለ ዝንጀሮ። «የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ባትሪ ነው። ባትሪውን ካየሽ ሁሉን አየሽ።»

በቅሎ ቁልፉን አልተቀበለችም። እሷ ራሷ ሦስት ጊዜ ገበያ ወጥታ ተሸጣለች። ሦስቱም ገዢዎች አፏን ከፍተው ጥርሷን ቆጠሩ፤ ኮቴዋን ያነሳ አንድም አልነበረም። ሦስተኛው ገዢ ማነከሷን ያወቀው ወንዝ መሃል ከደረሰ በኋላ ነው።

«መርማሪው አባ ኤሊ ይያት» አለች።

ቀበሮ ከት ብሎ ሳቀ። «አባትሽን ሲጠይቁሽ ‹ፈረስ አጎቴ ነው› የምትዪ፣ ዛሬ የመኪና ዘር ቆጣሪ ሆንሽ?»

«ዘሯን አይደለም፤ እግሯን ነው የማስቆጥረው።»

አባ ኤሊ ሦስት ጊዜ ከመኪናዋ ሥር ገባ፣ ሦስት ጊዜ ወጣ። መጀመሪያ ሲወጣ «መሪው ደህና ነው» አለ። ሁለተኛ ሲወጣ «ባትሪው ከባድ ስለሆነ የፊት እግሯ ላስቲኮች ላልተዋል፤ ለጊዜው ያስኬዳል» አለ። ሦስተኛ ግን ቆየ። ከሥር ሲያናግር ይሰማል።

«አንተስ ማነህ?»

«ፍሬን ነኝ» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሾፌሩ እግሩን ከመርገጫው ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ከዚያ የሚገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። እኔን የሚረግጠኝ የለም። ሥራ ፈትቼ ዛግሁ። ግራዬ ትንሽ ይይዛል፤ ቀኜ ምንም አይይዝም።»

አባ ኤሊ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ «አላለፈችም» ብሎ ጻፈ።

«ኧረ አባ ኤሊ!» አለ ቀበሮ። «ሞተሩ ካቆማት ፍሬን ምን ይሠራላታል?»

ኤሊ ወደ በቅሎ ዞሮ «ባትሪውን የት ነው የምትሞዪው?» አለ።

«እቤቴ፣ አምባው ላይ።»

«ባትሪ፣ ሞልተህ ቁልቁለት ብትወርድ፣ ሞተሩ የሚመልስልህን ኃይል ትቀበላለህ?» አለ ኤሊ።

«ጠግቤማ እንዴት እጎርሳለሁ?» አለ ባትሪው። «ከሞላሁ አልቀበልም። ያኔ ሞተሩም አይዛትም፤ ያለው ፍሬን ብቻ ነው።»

«ፍሬኑን አስጠግንና እገዛታለሁ» አለች በቅሎ ቀበሮን።

«እስኪጠገን ሦስት ቀን ልጠብቅልሽ? ወይ ውሰጂ ወይ ተዪ!» አለ ቀበሮ።

«እኔ ወስጃታለሁ» አለ ዝንጀሮ። «የአምና ቦሎዋ ይበቃኛል።»

ፍየል ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «እትዬ በቅሎ፣ መኪናዋ በእጅሽ ነበረች! አንድ ዘገምተኛ ለጻፈው ወረቀት ብለሽ በእግሬ ልታስኬጂኝ ነው?»

«አዎ» አለች በቅሎ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በቅሎና ፍየል በእግራቸው አምባው ጫፍ ሲደርሱ ዝንጀሮ የመኪናዋን ባትሪ እስከ አፉ ሞልቶ ደረሰባቸው። «ነይ ግቢ እመት ፍየል! አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዳክዬ ጋ ነሽ!»

ፍየል እግሯን አነሳች። በቅሎ በሩ ላይ በጎኗ ቆመች።

«ወረቀቱን አንብቤያለሁ። አትገቢም።»

«ግልገሌ ቢሞት ባንቺ ነው!»

«በእኔ ይሁን።»

ዝንጀሮ እየሳቀ ቁልቁለቱን ጀመረው። በመጀመሪያው ጥምዝ እግሩን አነሳ፤ የመኪናዋ ፍጥነት አልቀነሰም። «ባትሪ!» ብሎ ጮኸ። «ጠግቤያለሁ!» አለ ባትሪው። በሁለተኛው ጥምዝ «ሞተር!» አለ። «ባትሪው ካልተቀበለኝ ምን ላድርግ?» አለ ሞተሩ። በሦስተኛው ጥምዝ ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑ በግራ ብቻ ያዘ፤ መኪናዋ ወደ ግራ ዞራ ቁልቋል ውስጥ ተሰካች። ፍየል ልትቀመጥበት የነበረው የኋላ ወንበር ተነቅሎ ወደ ፊት ተወረወረ።

ፍየል ከላይ ሆና አየች። ወንበሩንም አየች። ከዚያ ዞራ ቁልቁለቱን በእግሯ ጀመረችው።

ወረዱ። ሦስት ጊዜ አረፉ። የዝንጀሮ ክንዱ ተሰብሯል፤ ወደ ጤና ጣቢያው እያቃሰተ ተከተላቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ፤ በሦስተኛው ቀን ፍየል ሁለት ግልገል ወለደች፤ ሁለቱም ቆሙ።

መኪናዋስ? ክፉ አልነበረችም። ዝንጀሮ አስጠገናት፤ አዲስ የፍሬን ዲስክ፣ አዲስ ሸራ ገባላት። አባ ኤሊ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ወጣና «አልፋለች» ብሎ ጻፈ። በቅሎ ያን ጊዜ ገዛቻት። አምባው ላይ ባትሪዋን ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ አትሞላም፤ በየሳምንቱም ሜዳ ላይ ፍሬኗን ጠንከር አድርጋ ትረግጣለች፣ እንዳይዝግ። እስካሁን አልከዳቻትም።

ተረቷ በዚህ ቆመች፤ የሰማ ለገዢ ይንገር፦ መሮጧን ሻጭ ይነግርሃል፤ መቆሟን ራስህ ጠይቅ።