እፍኝና ገመድ ለኪዋ አይጥ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ እህትህም ትቀመጥ።

በድሮ ዘመን፣ አይጥ በቀን እየዘፈነች በምትሰርቅበት ዘመን፣ እፍኝ የሚባል ውሻ ነበር። እፍኝ የተባለው ትንሽ ስለሆነ ነው። እግሩ አጭር፣ ጠጉሩ እንደ ቃጫ የሻከረ፣ ጺሙ የሽማግሌ። ልቡ ግን የአንበሳ! ጅብ ቢመጣ "ማነህ አንተ?" ይላል እንጂ አይሸሽም። ጉድጓድ ካየማ ሳይቆፍር አያልፍም።

ጌታው አያ ጓንጉል ግትር ገበሬ ነበር። ሚስቱ እታፈራሁ ደግሞ ቃል አታበዛም፤ ታያለች።

አያ ጓንጉል እፍኝን ከአጥሩ ሥር ግንድ ላይ አሰረው። "ውሻ ካልታሰረ አይከፋም" አለ።

እፍኝ ታስሮ ዋለ፣ ታስሮ አደረ፣ ታስሮ ሰነበተ። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል። ደመና ሲያልፍ ይጮኻል። የአያ ጓንጉልን ጫማ እንኳ አኝኮ ጨረሰው። ጠጉሩን ጭጎጎት ተብትቦት ምንጣፍ መሰለ።

በዚያው ሰሞን ለዘር የተቀመጠው ማሽላ ከጎተራው ይጎድል ጀመር። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ዘር ካለቀ ምን ይዘራል? ምንስ ይበላል?

የምትሰርቀው እመት አይጥ ነበረች። ገመዱን በዓይኗ ለክታ፣ እፍኝ ከሚደርስበት አንድ ስንዝር አልፋ ቆመች። ወገቧን ይዛ እንዲህ ዘፈነች፦

"እፍኝ እፍኝ፣ ገመደ አጭሩ፣
እኔ ከጎተራ፣ አንተ ከአጥሩ!"

እፍኝ ዘለለ፤ ገመዱ አንገቱን ያዘው። እሷ ማሽላዋን ተሸክማ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። በሠልስቱ ልጆቿን ጭምር ለጭፈራ ይዛ መጣች!

"ይሄ ውሻ ጩኸት እንጂ ሥራ የለውም" አለ አያ ጓንጉል። "ቅዳሜ ገበያ ወስጄ ለነጋዴ እሰጠዋለሁ።"

እታፈራሁ ወደ ግንዱ ሄደች። እፍኝ የሮጠበት መሬት ክብ ሆኖ ተልጧል። ከክቡ ውጭ፣ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ የማሽላ ገለባና የአይጥ ዱካ አለ።

"ጌታዬ፣ አይጧ ገመዱን ለክታዋለች፤ ይፍቱት።"

"አባቴ ውሻ ፈትቶ አያውቅም!"

"የአባትዎ ውሻ ጥጃ ያክል ነበር። ይሄ የተፈጠረው ለጉድጓድ ነው።"

አያ ጓንጉል ጺሙን አሸት አሸት አደረገና፣ "እንግዲህ እስከ ቅዳሜ አንቺው ያዥው" አለ።

እሷም ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ለቀመች። ጠጉሩን አበጠረች፣ ጺሙን አጠበች፣ ከመዳፉ እሾህ አወጣች። በየማለዳው ወንዝ ድረስ አስሮጠችው። ሲመለሱ "ቁጭ በል" ትለዋለች፤ አንዴ፣ ረጋ ብላ። እፍኝ ሲጮኹበት አይሰማም፣ ሲለማመጡት ይንቃል፤ አንዴ በዝግታ ሲነግሩት ግን ጆሮው ቀጥ ይላል። ሮጦ የጠገበ ውሻ ደግሞ በደመና ላይ አይጮኽም።

አርብ ጠዋት ገመዱን ከአንገቱ ሳታወልቅ ከግንዱ ፈታችው። ጫፉን አፈር አለበሰችና "ቁጭ በል" አለችው።

እመት አይጥ መጣች። ከምልክቷ ላይ ቆማ ዘፈነች። እፍኝ ዝም።

"ምነው? ዛሬ ገመዱ ምላስህንም አሰረው?" ደግማ ዘፈነች። እፍኝ ጺሙ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ዝም።

በሦስተኛው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጅራቷን አወዛውዛ፣ "እፍኝ እፍኝ፣ ገመደ..." ስትል፣

"ሂድ!" አለች እታፈራሁ።

ዘለለ! ክቡን አለፈ፣ ስንዝሯን አለፈ፣ እመት አይጥን በመዳፉ ተጫናት።

"ኧረ በሕግ! ያንተ ድንበር እዚያ ነው!"

"ድንበሩን ያሰመረው ገመዱ ነው" አለ እፍኝ። "ሂጂና እሱን ክሰሺ።"

የት ትሂድ? እመት አይጥ ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም። ልጆቿም ወንዝ ተሻግረው ጠፉ። እፍኝ ከጎተራው ሥር ሲቆፍር ሲቆፍር የተሰረቀው ማሽላ ክምር ሆኖ ተገኘ፤ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ተዘራ።

ቅዳሜ አያ ጓንጉል ገበያ አልሄደም። ገመዱን ከእፍኝ አንገት ፈትቶ ጥጃውን አሰረበት።

ልጆቼ፣ ሰውንም ውሻንም ከማሰራችሁ በፊት ጠባዩን እወቁ። ሌባ ሁልጊዜ የገመዳችሁን ልክ ያውቃል።

ተረቴን እዚህ አስሬያታለሁ፤ ደስ ያለው ፈትቶ ለጎረቤት ይውሰዳት።