አመድ ያልቀመሰ ማረሻ

አንድ እምቢ ማለት የማያውቅ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ስሙ ደምለው። ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥል አገሬው ሁሉ ማረሻውን ይዞ ደጁ ተሰለፈ። አንዱ «ዛሬውኑ» ይላል፤ ሌላው «እኔን አስቀድመኝ» ይላል። እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ፣ ሚስቱ አትጠገብ ወናፍ እየነፋች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቀጠቀጠ። ክንዱ የራሱ አልመስል አለው።

የሙያው ወግ እንዲህ ነው። የጋለ ማረሻ ተቀጥቅጦ ውኃ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ብረቱ እንዲያርፍ ትኩስ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። በአራተኛው ቀን አትጠገብ ይህንኑ አስታወሰችው።

«ሰው ደጅ ቆሞ እኔ ብረት ላስተኛ?» አላትና ከውኃው ያወጣውን ማረሻ ሳይደርቅ ተራው ለደረሰው ለሙጬ ሰጠው። ብረቱ ጠንክሮ ሞረድ እንኳ አልበላው ብሎ ነበር። ደምለውም በሥራው ኮራ።

ሙጬ አንዲት ማሳ ብቻ ያለው ገበሬ ነው፤ እርጥበቱ ሳያልፍ ካልዘራ ልጆቹ የሚበሉት የላቸውም። በማግስቱ ማረሻው ለሁለት ተሰብሮበት ይዞት መጣ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«አፈሩን እንደ ቅቤ ነበር የሚቆርጠው» አለ። «ድንገት ድንጋይ ሲመታው አለቀ። ያውም ትንሽ ድንጋይ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለወንድም ነው። ደምለው ስብራቱን ሲያገላብጥ አትጠገብ የሚጠጣው ውኃ በቅል አቀበለችው። ጥቂት እጁ ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ደንባራ!» ብሎ ቅሉን ከመሬት ፈጠፈጠው። በሃያ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ብሏት አያውቅም። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

አትጠገብ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች። «ያውም ትንሽ ውኃ» አለች ቀስ ብላ። «አንተም አመድ አልቀመስክም።»

ደምለው በጣም አፈረ፤ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። የሙጬን ማረሻ እንደገና ሠርቶ አመድ ውስጥ ቀበረውና የቀረውን ሰው «ለዛሬ በቃኝ፣ ነገ ኑ» አለው። ሰዉ አጉረመረመ፤ «ሰነፈ» ያለውም አልጠፋ። ሙጬ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጠበቀ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ዘግይቶ ስለነበር ከማሳው መዝራት የቻለው ግማሹን ብቻ ነው። አዲሱ ማረሻ ግን ድንጋይ ሲመታው ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም።

ወዳጄ፣ ያላረፈ ሰው ጠንካራ ይመስላል። ቀስ እያለ የሚመጣውን ሸክም ሁሉ ይችላል። የሚሰብረው ድንገት የሚመጣ ትንሽ ነገር ነው፤ ስብርባሪውን የሚለቅመው ደግሞ አጠገቡ ያለ ሰው ነው። በአንተስ ቤት የሚለቅመው ማን ነው?