የጋለችው ሞተርና ያኮረፈው የቦኖ ዘበኛ

ተረት ላወራላችሁ ነው። ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ ተናድጄ ነው የማወራው።

የከብት ሐኪሟ ማስተዋል በሞተር ሳይክል ዳገት ትወጣለች። ከዳገቱ ማዶ የእማማ ጥሩወርቅ ላም ጥጃው ተቀርቅሮባት ታምጣለች። የመንገዱ ጭቃ ሞተሯ ላይ ተለጥፎ ደረቀና ነፋስ ከለከላት፤ ጋለችና መንደር መሀል ቀጥ አለች።

«ሂጂ» አለቻት ማስተዋል።

«ይህ ጭቃ ካልለቀቀኝ አልሄድም» አለች ሞተሯ።

ጭቃውን በእንጨት ብትፍቀው እንደ ሸክላ ደርቋል። «ውሃ ካልነካኝ አልለቅም» አለ።

የመንደሩ ቧንቧ ወዳለበት ወደ ቦኖው ሮጠች። «ውሃ ስጠኝ፤ ጭቃው አልለቅም አለ፣ ሞተሯ አልሄድም አለች፣ ላሟ እየሞተች ነው።»

«ተቆልፌአለሁ፤ ቁልፍ ካልመጣ አልሰጥም» አለ ቦኖው።

ቁልፉ ያለው ዘበኛው ቢያድግልኝ ኪስ ውስጥ ነው። ቢያድግልኝ ደግሞ ደጃፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አኩርፏል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ቦኖው አልሰጥም አለ፣ ጭቃው አልለቅም አለ፣ ሞተሯ አልሄድም አለች፣ ላሟ እየሞተች ነው።»

«ሚስቴ ካላናገረችኝ ለማንም አልከፍትም» አለ። መንደር ሙሉ ውሃ ጠምቶት እሱ ያኮርፋል። ደም ያፈላል እኮ።

ማስተዋል ሚስቱ የውብዳር ወዳለችበት ጓዳ ገባች። «እትዬ፣ በእናትዎ ባልዎን ያናግሩልኝ። ጋሼ አልከፍትም አሉ፣ ቦኖው አልሰጥም አለ፣ ጭቃው አልለቅም አለ፣ ሞተሯ አልሄድም አለች፣ ላሟ እየሞተች ነው።»

«አላናግረውም» አለች የውብዳር። «የእናቴ የእማማ ጥሩወርቅ ላም ምጥ ላይ ናት። ሐኪም ጥራ ብዬው እዚያው ጋቢው ውስጥ ዋለ። ሐኪም ካልመጣ ከእሱ ጋር ቃል የለኝም።»

ማስተዋል ቱግ አለች። «ሐኪሟ እኔ ነኝ! እናትዎ ሰው ልከውብኝ ወደ እሳቸው ስሄድ ነው እዚህ የቀረሁት።»

የውብዳር ከጓዳ ወጥታ «ተነስ፣ አንተ ድንጋይ» አለችው ባሏን።

ስድብም ቢሆን ንግግር ነው። ቢያድግልኝ ቁልፉን ሰጠ፣ ቁልፉ ቦኖውን ከፈተ፣ ቦኖው ውሃ ሰጠ፣ ውሃው ጭቃውን አስለቀቀ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፉበት ይሰነጠቃል፤ ደግነቱ ሰው ሁሉ በንዴት ሲግል እሷ በርዳ ቆይታለች። ተነሳችና ሄደች።

ጥጃው በሕይወት ወጣ፤ ላሟም ተረፈች። ማስተዋል ክንዷን እየታጠበች፣ ተከትለዋት የመጡትን ባልና ሚስት በቁጣ አየቻቸው።

«ሁለተኛ ስትኳረፉ» አለች፣ «መጀመሪያ ውሃውን ክፈቱ።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አብሱ፤ ቦኖው ክፍት ከሆነ ነው እንግዲህ።