የዱሩ ታላቅ እቅድና የእመት ፍልፈል እርከን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ በረቱን ግን ያምናው ጎርፍ ወስዶታል።

ያ ጎርፍ ከእመት ፍልፈል አራት ልጆች አንዱንም ወስዶባታል። ከሦስቱ ጋር ቁልቁለቱ ሥር ትኖራለች። አፈሩን ደግፎ የያዘው አንድ ያረጀ ዋንዛ ብቻ ነው፤ ሌላውን ዛፍ አያ ጅቦ ከሰል አክስሎ ጨርሶታል።

አያ አንበሳ ዱሩን ሁሉ ሰበሰበ። «ከእንግዲህ ጭስ የሚቀንስ፣ ድርቅና ጎርፍ የማይበግረው ዱር እንሆናለን። የአሥር ዓመት እቅድ ይውጣ» አለ። አጨበጨቡ።

እመት ፍልፈል ከኋላ ተነሥታ «ጌታዬ፣ ክረምቱ ደርሷል። ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ የሚገታውን እርከን ማን ይቆፍር?» አለች።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይያዝልን» አለ አንበሳ። ከዚያ ለእቅዱ ስም ሲያወጡ ዋሉ።

በሁለተኛው ስብሰባ ኮሚቴ ተመረጠ። የጭስ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ጅቦ ሆነ፤ ጭስን ከሱ በላይ ማን ያውቃል ተብሎ።

«እርከኑንስ ማን ይቆፍር?» አለች ፍልፈል።

ጸሐፊዋ እመት ጦጣ ቀና ብላ «ገጽ መቶ አርባ ላይ ተቆፍሯል» አለቻት።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ፍልፈል በሆዷ። ሄዳም ብቻዋን በጥርሷ መቆፈር ጀመረች።

ሦስተኛው ስብሰባ የእቅዱ ምረቃ ቀን ነበር። ምረቃ ያለ ታፔላ አያምርም፤ ታፔላ ደግሞ ሳንቃ ይፈልጋል። ፍልፈል የመጥረቢያ ድምፅ ሰምታ ብቅ ስትል ዋንዛው ወድቋል። ለታፔላው መቆሚያ ቦታ ይጽዳ ተብሎ ሥሩም ተመንግሏል።

«ኧረ እባካችሁ፣ እርከኔን የያዘልኝ እኮ እሱ ነው፤ እንግዲህ እርከኑን ማን ይደግፍ?» አለች።

«ልማት አታደናቅፊ» አላት ጅቦ። ጦጣም በሳንቃው ላይ «ዛፍ መቁረጥና መጉረፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብላ በቀይ ቀለም ጻፈች።

ፍልፈልም ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ አምባው ላይ አወጣቻቸው።

በሳምንቱ ጎርፉ ወረደ። እርከኑንም፣ ጉድጓዷንም፣ የእቅዱን ጥራዝም ጠረገው። ፍልፈል ቁልቁል እያየች ለልፋቷ አለቀሰች። አንበሳ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ታፔላውን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ ጎርፍ፣ የተጻፈውን አታይም ወይ?» ሲል ግን ሳቋ አመለጣት።

ጎርፉም «እኔ ምን ማንበብ አውቄ፣ ጌታዬ» አለው። «የምፈራው የዋንዛውን ሥር ነበር፤ እሱን ነቅላችሁ ጻፋችሁበት።»

ዳቦውን ተዉት፣ ተረቴን ብቻ መልሱልኝ፤ ጎርፍ በሥር እንጂ በጽሑፍ አይመለስም።