የማንጠግቦሽ ቅቤና የሹሙ ራስ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ያዳምጥ፣ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

በድሮ ዘመን፣ ንጉሥ በበቅሎ እየዞሩ በሚፈርዱበት ዘመን፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ሁለት ሴት ልጆችና ሁለት ላሞች አሏት። ልጆቿን የሚያበላው የላሞቹ ቅቤ ነው። ቅቤው ደግሞ የሚሸጠው በሐሙስ ገበያ፣ እሷ በያዘችው ቦታ ላይ ነው። ቦታዋ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል።

ንግድ መቼም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቅቤ ነጋዴ ሁለት ጠላት አላት፤ አንዷ ፀሐይ፣ ሁለተኛው ጾም። ፀሐይ ቅቤዋን ታቀልጥባታለች። ጾም ሲገባ ደግሞ ገዢ ድራሹ ይጠፋል። ሁዳዴ ላይ ማንጠግቦሽ የቅቤ ቅሏን አቅፋ ትሄዳለች፣ አቅፋ ትመለሳለች። ለፋሲካ ግን ሰው ይሻማባታል፤ ሳትቀመጥ ሸጣ ትነሣለች። አንዱ ዓመት ጥጃ ይሞታል፣ ላም ትነጥፋለች። ሌላው ዓመት ሣሩ ያምርና ወተቱ ይትረፈረፋል። ይህን ሁሉ ችላ ትኖር ነበር። "ፀሐይም ጾምም የእግዜር ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ" ትላለች።

ሦስተኛው ጠላቷ ግን ከሰው ተወለደ። እሱም የገበያው ሹም ዘለቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅቤ ሳይቀመስ አይገዛም። ዱባ ቀቅላ ከቅቤ የምትደባልቅ አትጠፋምና፣ የገበያው ሹም ጠዋት ጠዋት እየዞረ ከየቅሉ በጣቱ ጫፍ ይቀምሳል። በጣቱ ጫፍ ብቻ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ደግ ሕግም ነው፣ ገዢን ከሌባ ይጠብቃል። ጠባቂው ራሱ ሌባ ሲሆን ግን ምን ይባላል?

አንድ ሐሙስ ሹም ዘለቀ መጣ። ጣቱን እስከ ሥሩ አጠለቀው። ጫፏን ላሰ፣ የቀረውን ራሱ ላይ ቀባው።

"ጌታዬ፣ ቅምሻ በምላስ ነው ወይስ በፀጉር?" አለችው ማንጠግቦሽ።

"አንዳንዱን ቅቤ ምላስ አያውቀውም፤ ፀጉር ነው የሚያውቀው" ብሏት አለፈ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። አሁን ጣት አይደለም፣ መዳፉን ነው የሰደደው። ዝቆ አወጣና ራሱን ለቀለቀው። ነጭ ሻሹን ጠመጠመበትና ወደ ጎረቤቷ ቅል ዞረ። እዚያም መዳፉን። ከዚያ ቀጥሎ ካለችውም መዳፉን። ሴቶቹ ክንዳቸው እስኪዝል የናጡት ቅቤ የአንድ ሰው ፀጉር ማሳመሪያ ሆነ።

ያን ቀን ልጃቸውን የሚድሩ እመት የውብዳር ለሠርጉ ቅቤ ሊወስዱ መጡ። ሙሉ ቅል ነበር የተስማሙት። ቅሉን አነሡና ከፍ ዝቅ አደረጉት።

"ማንጠግቦሽ፣ ይሄ ቅል ጎድሏል ልጄ። አንቺም ጀመርሽ?" አሏት።

"አንቺም ጀመርሽ" የምትለዋ ቃል እንደ ጦር ወጋቻት። ነጋዴ እኮ ያላት ስሟ ነው። ቅቤ ቢቀልጥ ይረጋል፤ ስም ከቀለጠ ግን አይረጋም።

ማንጠግቦሽ ወደ ሹሙ ሄደች። "ጌታዬ፣ በእርስዎ መዳፍ የእኔ ስም ጎደለ" አለችው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም?" አለና ሳቀ። "አፍሽን ስለከፈትሽብኝ ደግሞ፣ ለመጪው ሐሙስ ንጉሡ እዚህ ችሎት ይቀመጣሉ። ጎደሎ ትሸጣለች ብዬ እከስሽና ቦታሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

ተመልከቱ እንግዲህ። ራሱ ሰርቆ፣ ራሱ ጎደለ ብሎ ሊከስ!

ማንጠግቦሽ ጉልበት የላትም። የሚመሰክርላትም የለም፤ ገበያው ሁሉ ሹሙን ይፈራል። ግን ከፀሐይ ጋር ስትጣላ የኖረች ሴት ናት፤ የፀሐይን ጠባይ ታውቃለች።

ሐሙስ ደረሰ። ሹሙ ሲመጣ ቅሏን ራሷ ከፈተችለት።

"ዛሬ ንጉሥ ፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት ጌታዬ። ራስዎ ደርቆ ቢታይ ለገበያችንም ነውር ነው። አይሠሥቱ፣ ይቀቡ።"

"አሁን ልብ ገዛሽ" አላት። ሁለት እጁን ሰደደ። ራሱን እንደ ጭቃ ቤት መረገው። ሻሹን ጠመጠመና ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

ንጉሡ መጥተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ከሳሽና ተከሳሽ ይቁሙ ተባለ። ንጉሥ ፊት ራስን ሸፍኖ መቆም ነውር ነውና ሹሙ ሻሹን ፈታ። ጥላው የንጉሡ ነው፤ ባለጉዳይ የሚቆመው ፀሐይ ላይ ነው። ቀትር ሆኗል።

"ጃንሆይ" አለ ሹሙ፣ "ይህች ሴት ሙሉ ነው እያለች ጎደሎ ቅል ትሸጣለች። ከገበያው ትባረርልኝ።"

"ምን ትያለሽ?" አሏት ንጉሡ።

"አስቀድሜ ሹሙን ልጠይቅ ጃንሆይ" አለችና ዞረች። "ጌታዬ፣ ላም አለዎት?"

"እኔ ሹም ነኝ፤ ከላም ጭራ ምን አለኝ?"

"ከእኛስ ቅቤ ገዝተው ያውቃሉ?"

"ከሻጭ ጋር አልሻረክም። አንዲት ጭብጥ ገዝቼ አላውቅም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"እንግዲያስ ጃንሆይ፣ ቅሌ ለምን እንደ ጎደለ ከሥሩ ልንገርዎ" አለች። ስለ ትልቋ ላም ጀመረች፤ እናቷ ከማን ቤት እንደመጣች፣ አያቷ ምን ዓይነት ተዋጊ እንደነበረች።

"ወደ ጉዳዩ ግቢ" አሏት።

"እየመጣሁ ነው ጃንሆይ።" ስለ ጥጃዋ አወራች። በሹሙ ግንባር ላይ አንዲት ጠብታ ወረደች።

"ሴትዮ፣ ወደ ጉዳዩ።"

"ደረስኩ ጃንሆይ።" ስለ ሣር ቀጠለች፤ የቱ ወተት እንደሚያበዛ፣ የቱ እንደሚያመርር። ቅቤው በሹሙ ቅንድብ ተንሸራተተ፣ ዓይኑን ሞላው፣ በጆሮው ዞሮ አንገቱ ውስጥ ገባ፣ ከዚያም በእግሩ ወረደ።

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ጉዳዩ የታለ?" አሉ ንጉሡ ተቆጥተው።

ማንጠግቦሽ በአገጯ ወደ ሹሙ አመለከተች። "ያውልዎ ጃንሆይ፤ እየወረደ ነው።"

ንጉሡ አዩት። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ላቤ ነው ጃንሆይ" አለ ሹሙ ዓይኑን እያሸ።

ይህን ሲል አንድ የገበያ ውሻ ጠጋ አለና የእግሩን ጣቶች ይልስ ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ቅቤ ሻጭ ሳቀች። ከዚያ፣ "የእኔም አለበት" አለች። "የእኔም እዚያ ነው ያለው" አለች ሌላዋ። እመት የውብዳርም፣ "ለካ የልጄ ሠርግ እዚህ አናት ላይ ኖሯል" አሉ።

ንጉሡ ፈረዱ። "ላም የለህም፤ ቅቤ አልገዛህም። ከሰማይ አልዘነበልህም። ከዛሬ ጀምሮ ተሽረሃል። የእነዚህን ሴቶች ቅሎች እስክትሞላ ድረስ በገንዘብህ የገዛኸውን ወተት እንደነሱ ትንጣለህ።"

ወንድ ወተት ሲንጥ አይቶ የማያውቅ አገር ተሰብስቦ አየው። በዚያ ገበያም ቅቤ በጣት መቀመሱ ቀርቶ በስንደዶ ጫፍ ይሁን ተባለ። የማንጠግቦሽ ቦታ ጸናላት። ፀሐይና ጾም አልቀሩላትም፤ ቅሏን አቅፋ የምትመለስበት ቀን አሁንም አለ። ግን ቅሉ ሙሉ ነው፤ ጎደለ የሚላትም የለም።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ ተሸክሞ የሚሄድ ይሸከማት። አባቶችም እንዲህ ይላሉ፦

የሰው ቅቤ የተቀባ፣ ፀሐይ ስትወጣ የት ይግባ።